ሰሙ ሲፈስ

ሰኞ ነው፤ ሉንድ ገና አልነጋም፣
የቄራው ሹፌር ሣጥኑን አወረደ፤ እንደ ወትሮው አላወጋም፤
አስፈርሞኝ ሄደ፣ ጭጋጉ ውጦት።
ክዳኑን ከፈትኩት። በበረዶው መሐል፣ አንድ ሰው አስተኝቶት
የሄደ ይመስል፣ ተጋድሟል ሳንባው፤
ቀይ፣ እርጥብ፣ ከባድ፣ መሞቱ ያልገባው።

ስሜ ራግንሂልድ ነው፤ ሥራዬ ማጠብ ነው።
በደም ሥሩ በኩል፣ በቀጭን ቱቦ፣ መጀመሪያ የምልከው
ጨው የሌለው ውሃ፤ ሕዋሱ ጠጥቶ ጠጥቶ እንዲፈነዳ።
ቀጥሎ ሳሙናው ይገባል፣ ቤት አስለቃቂ እንግዳ፣
ክፍል በክፍል እየዞረ፣
«ማን አለ እዚህ?» እያለ። ኢንዛይሙ ከኋላ ይለቅማል፣
የዘረመል ክር የቀረ።

ማክሰኞ ቱቦው ቀይ ነው። ረቡዕ ሮዝ።
ሐሙስ ሌሊት፣ ፓምፑ ብቻውን ሲናዘዝ፣
ሳንባው ነጣ።
ከመብራቱ ፊት ብይዘው ጣቶቼ በወዲያ ይታያሉ፤
ቅርንጫፎቹ ግን አልተነኩም፤ የአየር ጎጆዎቹ ሁሉ
በየቦታቸው ናቸው፤ ነዋሪ ብቻ የለም።
ከብቱም ሰዉም የወጣበት ግቢ፤ አጥሩ አልፈረሰም።

አጎቴ ቶርኬል ደወል ያፈስስ ነበር።
በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከእሳቱ አፋፍ ሲያኖር
ሰሙ በቀዳዳው እያለቀሰ ይወጣል።
«አሁን ጭቃው ባዶ ነው» ይለኝ ነበር፣
«ግን ደወሉን ያውቀዋል።»
ኤልዳር ፊቱን ሲያዞር
ጆሮዬን አስጠጋሁ ወደዚህ ነጭ ነገር።
ሰሙ ፈስሷል።
ወርቁን የሚያመጣው ማን እንደሆነ እንጃ።

ባሌ ኡስቴን ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ነበር ልበል።
ሠላሳ ዓመት የቦሁስላንን ግራናይት ሲፈለፍል
ብናኙ ገብቶበት፣ ዛሬ ደረቱ ውስጥ ካባ አለ፤
የሚወልቅ ካባ አይደለም።
ስልኩን በትራሱ ሥር ያሳድራል፣ የጎተንበርግ ሐኪሞች
«ና» ቢሉኝ ብሎ።
«ያንቺ ሳንባ ደረሰ ወይ?» ይለኛል፤ ይስቃል፣
ሳቁን ሳይጨርስ አስሎ።
«ሃያ ዓመት፣ ቢፈጥን» እለዋለሁ።
ዝም ይላል፣ እስኪመለስ እስትንፋስ፤
«እንግዲያስ» ይላል፣ «ለሌላ ሴት ባል ይድረስ።»

ዓርብ። ማሽኑን ኤልዳር ከፈተ።
ነጩ ነገር ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወረደ፤ ተነሣ፤
ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው ትከሻውን እንደሚያነሣ።
የገዛ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ መያዜን ያወቅሁት
ደረቴ ሲቃጠል ነው።
ከዚያ በግራው ክንፍ ሥር፣ በውሃው ላይ፣ አንዲት አረፋ።
ሁለት። ሰባት።
ኤልዳር በእናቱ ቋንቋ አንድ ቃል ተናግሮ ማሽኑን አጠፋ።
ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ አትሞላም፤
ለትንፋሽ ግን የከተማ በር ናት።
መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
«ቁጥር አርባ አንድ። ግራ፣ የታችኛው ክንፍ። አልያዘም።»
በቢጫው ከረጢት አስገባሁት፤ አፉን ቋጠርኩ፤
ፈታሁና እንደገና ቋጠርኩ፣
ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ ኡስቴን ወንበሩ ላይ ተኝቷል፣
መስኮቱን ከፍቶ፣ ብርዱን አስገብቶ።
ትንፋሹ ያፏጫል፣ እንደ በር ሥር ነፋስ።
ከደጃፉ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሲያቆም ቆጠራዬን አቆምኩ፤
ሲቀጥል ጫማዬን አወለቅሁ።
ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳብኩለት። አልነቃም።

ሰኞ ሌላ ሣጥን ይመጣል።
ወደ ወጥ ቤት ወጥቼ ለሹፌሩ ደወልኩ፤
ድምፁ ከእንቅልፍ የተነሣ ነው።
«በረዶውን» አልኩት፣ «ከጎኑ አድርግ፤
ከላዩ አትጫንበት።
ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ደግሞ፣
እባክህ፣ ቀስ።»